«ወድቃ» ብላ ያልጻፈች

አስቻለች ጎዳና በነገሌ ቦረና በአንድ ጤና ጣቢያ ቁስል አጣቢ ነበረች። በወረቀት ማዕረጓ ድሬሰር ነው፤ ከተማው ግን «ሲስተር» ይላታል። «ሲስተርስ ኮሌጅ ገብታ የወጣች ናት፤ እኔ የገባሁት አዮዲን ውስጥ ነው፣ እስካሁንም አልወጣሁ» እያለች ብታርም የሚሰማት አልተገኘም። አርባን ተሻግራለች። ቀጠን ረዘም ያለች፣ ስትራመድ ሰው የሚያባርራት የምትመስል፣ ስትቆም ግን በሬ የማይነቀንቃት ሴት ነበረች። ባሏ በሱማሌ ወረራ ጊዜ እንደ ዘመተ አልተመለሰም። ልጅም አልወለደችም። ይህን አንስቶ የሚያዝንላትን ሰው አትወድም፤ «ለራስህ እዘን፣ ዛሬ መርፌ የምትወጋው አንተ ነህ» ትለዋለች።

አባቷ ጎዳና አናጢ ነበሩ። የጸሎት ቤታቸውን አግዳሚ ወንበሮች አንድ በአንድ የጠረቡት እሳቸው ናቸው። በኋላ ጸሎት ቤቱ ተዘጋና የቀበሌ አዳራሽ ሆነ፤ ወንበሮቹ ግን እዚያው በቦታቸው ቀሩ። አስቻለች ለስብሰባ በተጠራች ቁጥር ከፊት ሦስተኛው ላይ ትቀመጣለች። አንድ ቀን የአዳራሹ ዘበኛ «እዚያ የካድሬዎች ቦታ ነው» ቢላት፣ «የአባቴ እጅ ያረፈበት ነው፤ ካድሬ መጥቶ ሲጠርብ አላየሁም» አለችው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ መልስ ቢያንስ አንድ አዳር ያሳስር ነበር። ዘበኛው ግን ጆሮ ግንዱ ላይ እባጭ ነበረበት፤ ፋሻውን በየሁለት ቀኑ የምትለውጥለትም እሷ ናት። ስለዚህ አልሰማሁም አለ።

ጤና ጣቢያው አረንጓዴ ጀርባ ያለው ትልቅ መዝገብ አለው። ቀን፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ሕመም፣ የሕመሙ ምክንያት፣ የተሰጠ ሕክምና። አስቻለች ከሁሉ የምትፈራው ስድስተኛዋን ዓምድ ነበር። በዚያች ጠባብ ዓምድ ውስጥ ሕፃናት ሁልጊዜ ይወድቃሉ። ከዛፍ ይወድቃሉ፣ ከአህያ ይወድቃሉ፣ እሳት ላይ ይወድቃሉ። መዝገቡን ያነበበ እንግዳ አገሩ ሁሉ ገደል ይመስለዋል፤ አገሩ ግን እንደ መዳፍ የተዘረጋ ሜዳ ነው።

ይህን ፍርሃት ያመጣችው ከወደራ ነው። ወጣት ሳለች፣ እዚያ ሥራ በጀመረችበት ዓመት፣ አንዲት የሦስት ዓመት ሕፃን ክንዷ ተሰብሮ መጣች። እንጀራ አባቷ «ወድቃ ነው» አለ፤ አስቻለች «ወድቃ» ብላ ጻፈች። በወሩ ጥርሷ ረግፎ መጣች፤ «ወድቃ»። ክረምት ሲገባ ጭንቅላቷ አብጦ መጣች፤ አሁንም «ወድቃ»፤ ጽሕፈቱ የአስቻለች፣ ቀለሙም የአስቻለች። አራተኛ ጊዜ አልመጣችም። ሙት ወደ ጤና ጣቢያ አይመጣምና። ከዚያ ወዲህ አስቻለች ራሷን የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ሰውየው በእጁ ገደለ፣ እኔስ በምኔ? መልሱን ታውቀዋለች። እጅ ይገድላል፣ ብዕር ይቀብራል፤ ቀባሪው ግን እጁ ንጹሕ ስለሚመስለው እራቱን በልቶ ይተኛል።

በ1979 ዓ.ም.፣ የካቲት ወር፣ በአንድ ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ተናኘወርቅ አንዲት ልጅ ይዛ ወደ ጤና ጣቢያው መጣች። ተናኘወርቅ የቀበሌው ሊቀመንበር የሀላኬ ሚስት ናት። ልጅቷ ጠጂቱ ትባላለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው ተባለ፤ ሚዛን ላይ ስትወጣ ግን የስድስት ዓመት ልጅ ክብደት እንኳ የላትም። ትኩሳት ያንቀጠቅጣታል። ቀኝ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁም ቁስሉ ላይ ደርቆ ቀርቷል።

«እሳት ላይ ወድቃ ነው» አለች ተናኘወርቅ። «ልጅ መቼም አይቀመጥ።» ከቦርሳዋ የቀበሌ ማኅተም ያረፈበት የነጻ ሕክምና ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ነጻ ሕክምና የችግረኛ ነው፤ ማን ችግረኛ እንደሆነ የሚመሰክረው ደግሞ ሀላኬ። አስቻለች ስሙን ከወረቀቱ ወደ መዝገቡ ገለበጠች፤ «ጠጂቱ ኡርጌሳ»። ዓይኗ ልጅቷ ላይ ስለነበር እጇ የጻፈውን ልብ አላለችውም።

ጨርቁን በጨው ውሃ አርሳ ቀስ እያለች አላቀቀችው። የቃጠሎው ምልክት አራት ነው። አራቱም እንደ ማንኪያ ጀርባ ክብ፣ ከአንጓዋ ወደ ክርኗ ተሰልፈዋል፤ ሁለቱ አዲስ፣ ሁለቱ የቆዩ። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ገመድ የበላው ቀለበት አለ።

«ምን ሆንሽ፣ ልጄ?» አለቻት በኦሮምኛ።

ልጅቷ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሣ፣ «ናን ኩፌ» አለች። ወደቅሁ ማለቷ ነው። ተሸምድዶ የመጣ ቃል ነበር፤ ሕመምም ቁጣም የሌለበት።

«ወይዘሮ ተናኘወርቅ፣ እሳት ሰልፍ አያውቅም» አለች አስቻለች። «ይሄ የተሰለፈ ቁስል ነው።»

«አንቺ ፋሻሽን እሰሪ። ምርመራውን ለፖሊስ ተዪለት።»

«ትተኛለች። በየስድስት ሰዓቱ መርፌ ያስፈልጋታል።»

«አይሆንም፤ ቤት ሥራ ይጠብቃታል።»

«ለዚህች? የምን ሥራ?»

ተናኘወርቅ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች፤ ድምጿንም ዝቅ አደረገች። «ምን ለማለት ነው ሲስተር? ልጅሽ አይደለችም ልትዪኝ ነው?»

አስቻለች የተላቀቀውን ጨርቅ ባልዲው ውስጥ ጣለች።

በዚያ አገር ከዚህች ጥያቄ ወዲያ መንገድ የለም። ጠጂቱ የሀላኬ የጉዲፈቻ ልጅ ነበረች። በቦረና ዘንድ ጉዲፈቻ የከተማ ሰው እንደሚያስበው የሰው ልጅ ማሳደግ አይደለም፤ መውለድ ነው። ሽማግሌ ከመረቀ፣ ወተት ከተረጨ በኋላ የወለደው አልወለደም፣ ያልወለደው ወልዷል። ከዚያ በኋላ «ይህች የማን ልጅ ናት?» ብሎ መጠየቅ ነውር ብቻ ሳይሆን የልጅቷን ሥር እንደ መንቀል ይቆጠራል። የሰው ልጅ ወላጅ ላጣ ሕፃን ከዚህ የተሻለ መጠለያ የሠራ አይመስልም። ነገር ግን አጥር የሚታጠረው በውጭ ያለው ጅብ ታስቦ ነው። ጅቡ ውስጥ የተገኘ ዕለት ያው አጥር ለጅቡ ይቆማል። ከተማው ሁሉ ጠጂቱን ያውቃታል፤ ከቁመቷ የሚበልጥ ጀሪካን ስትጎትት አይቷታል። ዝም ያለውም በክፋት አልነበረም። በጨዋነቱ ነው ዝም ያለው። ለተናኘወርቅም የከተማው ጨዋነት ከግንብ ይልቅ ምቹ ሆነላት።

አስቻለችም የአናጢው የጎዳና ልጅ፣ የዚያው አገር ተወላጅ ናት፤ ይህን ሕግ ከእናቷ ጡት ጋር ጠብታዋለች። መዝገቡን ግን ወደ ራሷ ሳበች፤ በስድስተኛዋ ዓምድ «በሰው እጅ፣ በጋለ ብረት» ብላ ጻፈች። ከዚያ ልጅቷን አቅፋ አራት አልጋ ወዳለው ክፍል አስገባቻትና በሩ ላይ ቆመች።

«ከዚህ የምትወስጃት ፈርመሽ ነው። ብትሞት በኔ እጅ አይደለም የሚል ወረቀት አመጣልሻለሁ፤ በማን እጅ እንደሆነም እዚያው ላይ ትጽፊልኛለሽ።»

ተናኘወርቅ አልፈረመችም። «ባለቤቴ ያነጋግርሻል» ብላ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ የጣቢያው ኃላፊ አቶ በላይነህ መዝገቡን በብብቱ ይዞ መጣ። ወጣት ነው፤ ደግ ነው፤ የሚፈራውም ብዙ ነው።

«እትዬ አስቻለች፣ ‹ወድቃ› ማለት አንዲት ቃል ናት እኮ።»

«አዎ፣ አንዲት ናት። ታዲያ ምነው ከበደቻችሁ?»

«የስኳር ኩፖኔን የሚሰጠኝ፣ ቤት ያከራየኝ፣ ወንድሜን ከውትድርና ምልመላ የሚያስቀርልኝ ይኸው ሀላኬ ነው። እኔ ጀግና አይደለሁም።»

«ጀግና ይሁኑ አላልሁም። ይሰርዙት፤ ግን በራስዎ እጅ፣ በራስዎ ፊርማ። እኔ ያቺን ቃል ድሮ ጽፌያታለሁ። ሁለተኛ አልጽፋትም።»

በላይነህ ብዕሩን ከኪሱ አወጣ። ጫፉ ዓምዷ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ክዳኑን ገጥሞ ወደ ኪሱ መለሰው። «ቀለሙ አልቋል» አለ።

«ባያልቅ ነበር የሚገርመኝ» አለችው።

ያን ቀን ሳይመሽ በካርቦን ወረቀት ሦስት ቅጂ ደብዳቤ ጻፈች። ለሕፃናት አቤት የሚባልበት የተለየ ቢሮ በከተማው አልነበረም፤ ያሉት ፖሊስ፣ የሴቶች ማኅበርና ቀበሌ ናቸው። ማክሰኞ በምሳ ሰዓቷ ዞረቻቸው።

ፖሊስ ጣቢያ ተረኛው ሃምሳ አለቃ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበበው፤ ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። «እህቴ፣ ሰው ልጁን ከቀጣ ፖሊስ አያገባውም። ሞታ ቢሆን እንመጣ ነበር።»

«እንግዲያስ ስትሞት ልላክብዎት?»

«እንዲህ አትበይ እንጂ።»

«ያሉት እርስዎ ነዎት።»

በሴቶች ማኅበር ቢሮ ደግሞ ሊቀመንበሯ ደብዳቤውን እንደ ትኩስ ድንች በሁለት ጣቷ ይዛ፣ «ጓድ ተናኘወርቅ እኮ የሕፃናት ጉዳይ ተጠሪያችን ናት» አለቻት። አስቻለች ሳቋ መጣ። የማይሳቅበት ቦታ የሚመጣ ሳቅ ከልቅሶ ይከፋል፤ ደጅ ወጥታ ጥላው ውስጥ ቆማ ጨረሰችው።

ቀበሌ የጠበቃት ሀላኬ ራሱ ነው። ሀላኬ ደመወዙን ከመንግሥት የእህል መጋዘን፣ ሥልጣኑን ከቀበሌ የሚያገኝ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ስለ ክፉ ሰው የምናወራው ሁልጊዜ የሚጮኸውን አስበን ነው። የዓለም ጥፋት የበዛው ግን ቤቱ ውስጥ የሚሆነውን ሰምቶ ሬዲዮኑን ከፍ በሚያደርገው ለስላሳ ሰው ነው።

«አስቻለች፣ አንቺን ሰው ያከብርሻል» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ሴትዮዋ ቁጡ ናት፤ እኔም እመክራታለሁ። ወረቀቱን ቅደጂውና ይለፍ።»

«ካልቀደድሁትስ?»

«ቅዳሜ ሸንጎ ትቀርቢያለሽ፤ የአመራር ስም በማጥፋት። ልጅቷም የዚያኑ ዕለት ወደ ቤቷ ትመለሳለች።» ከዚያ ፈገግ ብሎ ጨመረ፤ «ከተማ ለቀሽ አቤት ልበል ብትዪም፣ የመውጫ ወረቀት የምጽፍልሽ እኔ ነኝ።»

ስለዚህ አራት ቀን ነበራት። ከአራት ቀን በኋላ ጠጂቱ ወደዚያ ቤት ትመለሳለች፤ አሁን ደግሞ ስሟ በደብዳቤ የተነሣ ልጅ ሆና። አስቻለች የዚህን ትርጉም ከወደራ ታውቀዋለች።

ረቡዕ ጠዋት አቶ ረዲ እግራቸውን ሊያሳጥቡ መጡ። ከጉራጌ አገር የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ የስኳር በሽታ እግራቸውን አቁስሎታል። ሱቃቸው ከሀላኬ ቤት ፊት ለፊት ነው።

«ጋሽ ረዲ፣ እዚያ ቤት ምን አይተዋል?»

«ነጋዴ ምን ያያል? ሚዛኑን ነው የሚያይ።»

«ጋሽ ረዲ።»

ረዲ ወደ አራቱ አልጋዎች ተመለከቱ። ጠጂቱ ግድግዳውን አቅፋ ተኝታለች። «ላምባ ልትገዛ ይልኳታል» አሉ ዝቅ ብለው። «ስኳር ስሰፍር ወለል ላይ የፈሰሰውን በጣቷ እያነሣች ትልሳለች። መጀመሪያ ሌባ መስላኝ ተቆጣኋት። በኋላ... በኋላማ ሆን ብዬ ማፍሰስ ጀመርሁ።»

«ለሰው ለምን አልተናገሩም?»

«ምን ብዬ? ጉዲፈቻ ናት። እኔ እዚህ እንግዳ ሰው፣ በቦረና ምርቃት ገብቼ ልጅህ አይደለችም ልበል? አንቺ የዚህ አገር ልጅ ሆነሽ ያላልሽውን?»

አስቻለች ፋሻውን ጠበቅ አድርጋ አሰረች። እውነቱን ነው፤ እሷም አላለችም። «ማን ነበር የመረቀው?»

«አባ ጃርሶ ናቸው። ሊበን ይኖራሉ፣ ከውሃ ጉድጓዶቹ ወዲያ። የድርቁ ዓመት ነው፤ ኡርጌሳ የሚባለው የወለዳት ሰውዬ ከብቱ ሁሉ አለቀበት፣ ሚስቱም ሞተችበት። ልጄ ትብላ ብሎ ሰጠ። ወተቱ ሲረጭ ከገበያው ጥግ ቆሜ አይቻለሁ። ሀላኬ አለቀሰ እኮ ያን ቀን። እውነተኛ እንባ ነበር።» ረዲ ተነሡና ከዘራቸውን ፈለጉ። «አጠበቅሽው ፋሻውን።»

«ይጥበቅ። ሆን ብሎ ስኳር ያፈሰሰ ሰው እግር ነው፤ ይድናል።»

ከሰዓት በላይነህ ወደ መርፌ ክፍሉ ብቅ አለ። ዓይኗን አላያትም፤ የመድኃኒት መደርደሪያውን ነው የሚያየው።

«ነገ ወደ ሊበን የክትባት ጉዞ አለ። ተረኛዋ ታማለች።»

«ማን ናት ተረኛዋ?»

«እኔ እንጃ፤ አንዷ ትታመማለች። ለክትባት ጉዞ ደግሞ የቀበሌ መውጫ አይጠየቅም፤ የኔ ደብዳቤ ይበቃል። ልጅቷን እኔ አያታለሁ።»

«ቀለም ገዙ ማለት ነው» አለችው።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ፣ የመጨረሻው ሕፃን ተከትቦ ካለቀሰ በኋላ፣ አስቻለች የክትባቱን የበረዶ ሣጥን እንደ ያዘች አንድ ግራር ሥር ወደ ተቀመጡት ሽማግሌ ሄደች። አባ ጃርሶ ረጅም ናቸው፤ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ በበትራቸው አፈሩን እየጫሩ ነው የሚሰሙት።

«አካም፣ አባ ጃርሶ። ናጋ ናችሁ?»

«ናጋ። ሰዉ ሰላም፣ ከብቱ ሰላም፣ የተረፈው ማለቴ ነው። አንቺ የአናጢው ጎዳና ልጅ ነሽ፤ በድምፅሽ አወቅሁሽ። አባትሽም እንዲህ ነበር፤ ሰላምታውን ሳይጨርስ ነገሩ ይቀድመዋል።»

«ስለ ሀላኬ ልጅ ልነግርዎት ነው የመጣሁት።»

«የሀላኬን ልጅ ነገር ለሀላኬ ንገሪ።»

ቢሆንም ነገረቻቸው። ስለ አራቱ ቃጠሎ፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ሚዛኑ፣ ስለ ቅዳሜው ሸንጎም ነገረቻቸው። ሽማግሌው በትራቸው አፈሩን እየጫረ ሰሙ፤ ፊታቸው ጠቆረ፤ ሲመልሱ ግን እንዲህ አሉ፤ «ልጅ ያቃጠለች እጅ ትንደድ። ግን የተሰጠ አይመለስም፤ የተሰጠውም አይጠየቅም። ያን የሚጠይቅ አፍ የሌሎቹን ልጆች ሁሉ ሥር ይነቅላል። በዚህ መንደር ስንት እንዲህ ያለ ልጅ አለ መሰለሽ? ነገ እያንዳንዱ የማን ነህ ይባላል። ይህን ሳታውቂ አትቀሪም።»

«አውቄ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያ ሂጂ።»

«አልሄድም።» አስቻለች የበረዶ ሣጥኑን አስቀምጣ አፈሩ ላይ ተቀመጠች። የክትባቱ መኪና ጥሩንባ ነፋ፤ ዞር ብላ አላየችውም። ከጋዋኗ ኪስ ሦስተኛውን ቅጂ አወጣች። «ሂጂ ካሉኝ ይህን ሰምተው ይበሉኝ። ለሦስት ቢሮ ወስጄዋለሁ፤ ለእርስዎም ላንብብልዎት።» በአማርኛ የጻፈችውን በኦሮምኛ እየመለሰች ጀመረች፤ «የታማሚዋ ስም ጠጂቱ ኡርጌሳ፣ ዕድሜ ዘጠኝ...»

በትሩ ቆመ።

«ማን አልሽ?»

«ጠጂቱ...»

«ጠጂቱ ማን?»

አስቻለች ወረቀቱን ተመለከተች። አሁን ነው ያየችው። «ኡርጌሳ» አለች። «የነጻ ሕክምናው ወረቀት እንደዚህ ነው የሚለው፤ እኔ ገልብጬው ነው።»

«ወረቀቱን ማን ጻፈው?»

«ሀላኬ። ማኅተሙም የእሱ ነው። ደመወዝተኛ ለልጁ ሕክምና ይከፍላል። ነጻ የሚሆነው ለችግረኛ ልጅ ነው። ችግረኛው ኡርጌሳ ስለሆነ...»

«በኡርጌሳ ስም ጻፋት።» ሽማግሌው ሳቁ፤ ደስታ የሌለበት ሳቅ ነበር። «እኛ ሁላችን ያን ስም ላለመጥራት ምላሳችንን ስንነክስ፣ እሱ በቀለም ጻፈው። ማኅተም መታበት። ለመድኃኒት ዋጋ ብሎ ልጁን ካደ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ክልከላው የአፍ ክልከላ ነበር፤ አባቶች ሲደነግጉት ወረቀት አልነበረም። ሀላኬም ልጅ እየካደ እንዳለ አልታየውም፤ ቅጽ የሚሞላ ነው የመሰለው። አስቻለች በእጇ የጻፈችውን በጆሮዋ ስላልሰማችው ሦስት ቀን ይዛው ዞረች። ሰው የሚፈራውን ቃል በወረቀት ላይ ሲያገኘው አይፈራውም፤ ቢሮክራሲ የሚባለው ነገር ኃይሉ ምናልባት እዚህ ላይ ነው።

አባ ጃርሶ በበትራቸው ተደግፈው ተነሡ። «ማንም አልጠየቀውም፤ ራሱ መለሰ። እንግዲህ ነውሩ የኛ አይደለም። ቅዳሜ ነው ያልሽው?»

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። አስቻለች መዝገቡንና የነጻ ሕክምናውን ወረቀት በብብቷ፣ ጠጂቱን በእጇ ይዛ ገባችና ከፊት ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ዘበኛው ጣራ ጣራውን ያይ ነበር። መድረኩ ላይ ሦስት የሸንጎ ዳኞች፣ ከጎናቸው ሀላኬ፣ ፊት ወንበር ላይ ተናኘወርቅ። አባ ጃርሶ ከበር አጠገብ ቆመዋል። ከኋላቸው፣ ደፉን ሳይሻገር፣ ጨርቁ የነተበ አንድ ሰው አለ፤ ኡርጌሳ ነው። የሰጠ ሰው የመናገር መብት ስለሌለው አንገቱን ደፍቷል።

ሀላኬ በለስላሳ ድምፁ ተናገረ። ልጄ ናት አለ፤ በልጄ ጉዳይ ይህች ሴት ቤቴን ልታፈርስ ተነሣች አለ። ሕዝቡ ዝም አለ፤ እንደ ለመደው በጨዋነት።

«ሀላኬ» አሉ አባ ጃርሶ ከበሩ። «ይህ ማኅተም ያንተ ነው?»

አስቻለች ወረቀቱን ከፍ አድርጋ አሳየች። በዝግታ፣ ቃል በቃል አነበበችው፤ «ጠጂቱ ኡርጌሳ»። ስሙ አዳራሹ ውስጥ ሲጠራ ሰዉ እንደ ተመታ ከብት አንድ ላይ ተንቀሳቀሰ።

«ሽማግሌ» አለ የሸንጎው ሰብሳቢ፣ «ይህ ሸንጎ በኋላ ቀር ልማድ አይዳኝም።»

«ደግ ነው። በናንተ ልማድ ዳኙት። በናንተ ልማድ ደመወዝ ያለው ሰው ለልጁ የችግረኛ ወረቀት ቢጽፍ ምን ይባላል?»

ሰብሳቢው ወረቀት አገላበጠ። ከኋላ ወንበር አቶ ረዲ ሳል ሳል አሉና፣ «ምዝበራ» አሉ፤ ማን እንዳለው እንዳይታወቅ አፋቸውን በኮፍያቸው ሸፍነው።

«እንግዲህ ሀላኬ፣ መንገዱ ሁለት ነው» አሉ ጃርሶ። «ልጅህ ከሆነች መንግሥትህን ዋሽተሃል። ልጅህ ካልሆነች እኔን ዋሽተሃል። የትኛውን ነው የዋሸህ?»

«እሳት ላይ ወድቃ ነው አልኩ እኮ» አለች ተናኘወርቅ ብድግ ብላ። «የማንም ትሁን፣ ወድቃ ነው። ራሷን ጠይቋት።»

ሁሉም ወደ ልጅቷ ዞረ። አስቻለች አላጎነበሰችባትም፣ አላባበለቻትም፤ እጇን ብቻ ያዘች። ጠጂቱ መጀመሪያ ወለሉን አየች። ቀጥላ በሩን አየች፤ በር ላይ የቆመውን ሰው አየች። ከዚያ «ኢንኩፍኔ» አለች።

አልወደቅሁም።

ኦሮምኛ የሚያውቀው ሰማ፤ የማያውቀው ጎረቤቱን ጠየቀ። ቃሏ ከወንበር ወደ ወንበር እየተተረጎመች እስከ ኋላ ሄደች፤ የአናጢው የጎዳና ወንበሮች ጸሎት ሲያሻግሩ እንደ ነበረው። ሀላኬ ዓይኑን ጨፈነ። የሚያጣው ምን እንደሆነ ሲያሰላ ይመስላል፤ ልጅ ማጣት ወይስ ማኅተም ማጣት። ማኅተሙን አስበለጠ።

«የኡርጌሳ ናት» አለ።

ኡርጌሳ ደፉን ተሻግሮ ገባ። ልጅቷ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠና የታሰረ እጇን ጭኑ ላይ አኖረው።

ሸንጎው ልጅቷን ከኡርጌሳ ጋር አሰናበተ። አስቻለችን ግን አላሰናበተም፤ ሰው ፊት የተዋረደ ሥልጣን ባዶ እጁን አይገባምና። ሰብሳቢው ስም በማጥፋት የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ የሚል ወረቀት ዘረጋላት።

«ፈርሚ።»

«የማንን ስም ነው ያጠፋሁት? እኔ የጻፍሁት የልጅቷን ስም ነው፤ እሱንም የገለበጥሁት ከሊቀመንበሩ ወረቀት ነው።»

«ፈርሚ ተባልሽ።»

«እኔ ድሬሰር ነኝ። ያላየሁትን ቁስል አልፈርምም።» መዝገቧን አንሥታ ወጣች። ያገዳት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማሳመር መሞከር ደግ አይደለም። ማንም አልታሰረም። ተናኘወርቅ የሕፃናት ጉዳይ ተጠሪነቷን ይዛ ሌላ አንድ ዓመት ቆየች፤ ሰላም የሚላት ሰው ግን ቀነሰ። ለኡርጌሳ ጎሳው አንዲት የምትታለብ ላም አዋጣለት፤ ጠጂቱ ከዚያች ላም ጋር አብራ ወፈረች፤ የእጇ ጠባሳ ግን አልጠፋም። አስቻለች በሁለተኛው ሳምንት «ለሥራው ጥቅም ሲባል» የሚል ደብዳቤ ደረሳት፤ ከያቤሎ ወዲያ ወዳለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ተዛወረች። ደብዳቤውን የሰጣት በላይነህ ይቅርታ ሊጠይቃት ሲጀምር፣ «አይዞህ፣ ቀለም አታባክን» አለችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ብላው። የጭነት መኪናው ላይ ስትወጣ ረዲ በጋዜጣ የተጠቀለለ ግማሽ ኪሎ ስኳር አቀበሏት። «ፈሶብኝ ነው» አሉ።

አዲሱ ጣቢያ በደረሰች በማግሥቱ ጠዋት ጋዋኗን ለበሰችና መዝገቡን ጠየቀች። ጀርባው ቡናማ ነው እንጂ ዓምዶቹ ያው ናቸው። ስድስተኛዋን በጣቷ ወደ ታች ተከተለቻት። ወድቆ። ወድቃ። ወድቆ። ወድቃ። ገጹን ገለበጠች፤ ያው ነው።

«እዚህ አካባቢ ገደል አለ?» አለችው የጣቢያውን ረዳት።

ሰውየው ግራ ገብቶት በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። «የምን ገደል? ዓይንሽ እስኪደክም ሜዳ ነው እኮ።»

«እኔም ሳየው እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አለች አስቻለች። ብዕሯን ከኪሷ አወጣችና ክዳኑን ነቀለች። «ደጅ የተቀመጡትን አስገባልኝ። ከልጆቹ ጀምር።»